የእህቴ ላፕቶፕ ትኩሳት (ስለ ተርማል ፔስት አመራረጥና አቀባብ)

እኔ የ7ኛ ክፍል ተማሪና የሚኒ ሚዲያ ክበባችን አባል ነኝ። በዛሬው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ተርማል ፔስት ነው። ተርማል ፔስት ምንድን ነው? ለምን ያስፈልጋል? እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይቀባል? እነዚህን ሁሉ እንደ አቅሜ አብራራለሁ። መጀመሪያ ግን ነገሩን እንዴት እንዳወቅኩት ልንገራችሁ።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው

እኛ ቦሌ ሚካኤል ስለምንኖር የአውሮፕላን ድምፅ አይገርመንም። ክፍል ውስጥ እንኳ አውሮፕላን ሲያልፍ መምህራችን ትንሽ ቆም ይሉና ይቀጥላሉ። ባለፈው ኅዳር ግን አውሮፕላን የሚመስል ድምፅ ከቤታችን ጠረጴዛ ላይ መጣ። የእህቴ ላፕቶፕ ነበር! ፋኑ ይጮኻል፣ ታቹ ሲነካ የልብስ ካውያ ይመስላል፣ ከዚያ ድንገት ድርግም ብሎ ይጠፋል።

እህቴ ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏ በሙሉ ያለው እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ላፕቶፑ አዲስ አይደለም፣ ስላሽ ነው። እማዬ ዕቁብ ሲደርሳት ነው የገዛችላት። አንድ ቀን ሌሊት ሦስት ገጽ ጽፋ ሴቭ ሳታደርገው ጠፋባት። አላለቀሰችም፣ ግን ዝም አለች። የእህቴ ዝምታ ደግሞ ከለቅሶ ይብሳል።

በማግስቱ አንድ የጥገና ቤት ወስዳ አሳየችው። «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ብትገዢ ይሻላል» ብለው መለሷት። እማዬ ሌላ ዕቁብ እስኪደርሳት ቢጠበቅ ምረቃው ያልፋል። ቤታችን ውስጥ እራት የበላነው ማንም ሳያወራ ነው።

ከዚያ እኔ «ጋሼ ጋ እንውሰደው» አልኩ። ጋሼ የምላቸው ሰፈራችን ኮንቴነር ውስጥ ስልክና ላፕቶፕ የሚጠግኑ ሰው ናቸው። ጋሼ ዝም ብለው አልፈረዱም። መጀመሪያ የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያሳይ ኤችደብልዩሞኒተር የሚባል ፕሮግራም ጫኑበት። ምንም ሥራ ሳይሠራ 71 ዲግሪ አሳየ። ሥራ ስናበዛበት እየጨመረ እየጨመረ ሄዶ 99 ሲደርስ ድርግም አለ።

ጋሼ ሳቅ አሉና «ማዘርቦርዱ ቢቃጠል ኖሮ መቼ ይነሳ ነበር? ይሄ የሞተ አይደለም፣ ትኩሳት የያዘው ነው። ፔስቱ ደርቆ ይሆናል፣ ከፍተን እንየው» አሉ።

ለእማዬ በስልክ ስነግራት «ፓስታ? ላፕቶፕ ውስጥ ደግሞ ፓስታ ምን ይሠራል?» አለችኝ። ጋሼ ሰምተው እስኪያስላቸው ሳቁ። ስለዚህ ከአሁኑ እንስማማ፦ ፓስታ አይደለም፣ ፔስት ነው። እንደ ጥርስ ሳሙና የሚለጠልጥ ቅባት ማለት ነው።

99 ዲግሪ ማለት ምን ያህል ነው?

ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ብለን ተምረናል። ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ የእህቴ ፕሮሰሰር እማዬ ምድጃ ላይ ከጣደችው ከፈላ ጀበና የበለጠ ግሎ ነበር ማለት ነው!

ፕሮሰሰር የኮምፒውተር አንጎል ነው። ስፋቱ ከአውራ ጣታችን ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ግን የሚሄድበት ኤሌክትሪክ በሙሉ ለማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ብዙዎቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች የሙቀት ወሰናቸው 100 ዲግሪ ነው። ወደዚያ ሲጠጋ ፕሮሰሰሩ መጀመሪያ ሥራውን ያዘገያል። «ላፕቶፔ ተንቀራፈፈ» የምንለው አንዳንዴ ለዚህ ነው። ማዘግየቱ ካልበቃው ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ ድርግም ማለቱ ሞት ሳይሆን ራሱን ማዳኑ ነው። ይህንን ብናውቅ ኖሮ ያን ያህል ባልደነገጥን ነበር።

ሙቀቱ በየት በኩል ይወጣል?

የላፕቶፕ ሙቀት እንደ ዱላ ቅብብል ነው የሚወጣው። ፕሮሰሰሩ ላይ የመዳብ ሳህን ተጭኗል። ከመዳቡ ጋር ቀጭን ቱቦ ተያይዟል፤ ቱቦው ውስጥ ጥቂት ፈሳሽ አለ፣ እሱም በሙቀት እየተነነ ሙቀቱን ወደ ቱቦው ጫፍ ይወስደዋል። ጫፉ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጾች የተደረደሩ ስስ የብረት ክንፎች አሉ። ፋኑ በእነዚያ መካከል አየር እየነፋ ሙቀቱን ወደ ውጭ ያስወጣል።

ታዲያ ፕሮሰሰሩና መዳቡ ከተነካኩ ቅባቱ ለምን አስፈለገ? እኔም ጋሼን የጠየቅኳቸው ይህንኑ ነው። እሳቸውም መልሰው ጠየቁኝ፦ «ጀበና ከእሳት ላይ ስታወርድ በደረቅ ጨርቅ ነው በእርጥብ ጨርቅ የምትይዘው?»

መልሱን ቡና የሚያፈላ ሁሉ ያውቀዋል። በደረቅ ጨርቅ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ከያዝነው ወዲያው ያቃጥለናል። ለምን? ደረቅ ጨርቅ ውስጥ ያለው አየር ነው፤ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም። ጨርቁ ሲረጥብ አየሩ ይወጣና ውሃ ቦታውን ይይዛል። ውሃ ሙቀት በማሳለፍ ከአየር 20 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ጋቢም የሚያሞቀን በውስጡ አየር ስለያዘ ነው።

የፕሮሰሰሩና የመዳቡ ገጽ ለዓይናችን እንደ መስታወት ለስላሳ ነው። በአጉሊ መነጽር ግን ጭረትና ጉድጓድ የሞላበት ነው፤ እንደ እንጀራ ዓይን ዓይን አለው ማለት እንችላለን። ሁለቱ ሲጋጠሙ በየዓይኑ ውስጥ አየር ይቀራል። ያ አየር ለፕሮሰሰሩ ጋቢ ሆኖ ያሞቀዋል። የፔስት ሥራ አየሩን አስወጥቶ ቦታውን መያዝ ነው። እማዬ አዲስ ምጣድ ስታሟሽ ጎመን ዘር አድቅቃ የምታሸው ቀዳዳውን እንዲሞላ አይደል? ከዚያ የተረፈውን ትጠርገዋለች። ፔስትም እንደዚያ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር በቁጥር ልንገራችሁ። ሙቀት የማሳለፍ አቅም ዋት በሜትር ኬልቪን በሚባል መለኪያ ይለካል።

አየር፦ 0.026 ገደማ
ውሃ፦ 0.6 ገደማ
ተርማል ፔስት፦ ብዙዎቹ ከ1 እስከ 10፣ ጥቂቶች ከዚያ ትንሽ በላይ
መዳብ፦ 400 ገደማ

ምን አያችሁ? ፔስት ከአየር እጅግ ይሻላል፣ ከመዳብ ግን እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ብዙ ፔስት ማለት ብዙ ቅዝቃዜ ማለት አይደለም! ፔስት ራሱ አያቀዘቅዝም፣ አየር ብቻ ነው የሚያባርረው። የሚፈለገው ጉድጓዱን የሚሞላ ስስ ሽፋን ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህችን አስታውሱልኝ።

ታዲያ ለምን ተበላሸ?

ፔስት የሚሠራው ከዘይት መሰል ነገርና በጣም ከላመ ዱቄት ነው። ዘይቱ ብዙ ጊዜ ሲሊኮን ነው፤ ዱቄቱ ዚንክ ኦክሳይድ ወይም አሉሚኒየም ኦክሳይድ ሊሆን ይችላል። ላፕቶፕ ሲሠራ ይግላል፣ ሲጠፋ ይበርዳል። ብረት ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይኮማተራል። በዚህ መሃል ፔስቱ ቀስ በቀስ ወደ ዳር እየተገፋ ይወጣል፣ የቀረው ደግሞ በዓመታት ውስጥ ይደርቃል። የእህቴን ስንከፍተው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር።

ሌላው ጠላት አቧራ ነው። በእኛ ሰፈር በበጋ አቧራውን ታውቁታላችሁ። ፋኑና ክንፎቹ መካከል አቧራው ተጠቅጥቆ እንደ ብርድ ልብስ ጨርቅ ሆኖ ነበር፣ በወረንጦ ነው ተስቦ የወጣው። በዚህ ላይ የአዲስ አበባ አየር በከፍታዋ ምክንያት ከባሕር ጠለል አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም ሙቀት የሚሸከምለት አየር እዚህ ያንሰዋል። ስለዚህ ለእኛ ከተማ ላፕቶፖች ንጽሕና በጣም ያስፈልጋቸዋል። አቧራውን ሳያጸዱ ፔስት ብቻ መቀየር የተዘጋ መስኮት ፊት ቆሞ ማራገብ ነው።

የፔስት አመራረጥ

ፔስት በመርፌ መሰል ፕላስቲክ ወይም በትንሽ ብልቃጥ ይሸጣል። ጋሼ ያስተማሩኝን እንዲህ ከፋፍዬዋለሁ።

1ኛ. ነጩ ርካሽ ፔስት። በብልቃጥ የሚሸጠው ይህ ነው። ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ 1 ገደማ ነው። ከምንም ይሻላል፣ ለላፕቶፕ ግን አይመከርም።

2ኛ. ግራጫው መካከለኛ ፔስት። ብዙ ጊዜ ለቤት ላፕቶፕ ይበቃል። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መሆኑ ማሸጊያው ላይ መጻፉን እዩ።

3ኛ. ስም ያላቸው ፔስቶች። ለምሳሌ የአርክቲክ ኤምኤክስ-4፣ የኖክቱዋ ኤንቲ-ኤች1 እና የተርማል ግሪዝሊ ክራዮናውት አሉ። ጥሩዎች ናቸው፤ ግን ስም ያለው ነገር አስመስሎ የሚሠራውም ብዙ ነው። በተጨማሪ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ትልቅ ቁጥር ብቻ አትመኑ፣ የሚጽፈው ሻጩ ራሱ ነውና። ለላፕቶፕ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ውፍረቱም ወሳኝ ነው። በጣም ቀጭን ፔስት ከላይ እንዳልኩት ቶሎ ተገፍቶ ይወጣል፣ ጠንከር ያለው ይቆያል።

4ኛ. ፈሳሽ ብረት። ጋሊየም ከሚባል ብረት የሚሠራ ነው። ጋሊየም በ30 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀልጥ መዳፋችን ላይ እንኳ ይቀልጣል! የፕሌይስቴሽን 5 ጌም ማጫወቻ ውስጥ የሚገኘው እንዲህ ዓይነቱ ነው። ሙቀት በማሳለፍ ፔስትን ሁሉ ያስንቃል፤ ግን ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየምንም ይበላል። አንዲት ጠብታ ማዘርቦርድ ላይ ብትወድቅ አለቀ። ለእኛ ለጀማሪዎች ፈጽሞ አይሆንም።

ሲገዛ ደግሞ ትንሽ ወደ ማሸጊያው ተመልከቱ። ቀኑ ያለፈበትን፣ ክዳኑ የተከፈተውን፣ ሲጨመቅ መጀመሪያ ዘይት ብቻ የሚያወጣውን አትውሰዱ።

የክፍሌ ልጅ «የጥርስ ሳሙናም ይሠራል እኮ!» ብሎኝ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ይሠራል፤ ምክንያቱም እርጥብ ስለሆነ አየሩን ያስወጣል። ግን ውሃው ተኖ ያልቅና ይደርቃል። ከዚያ ወደ ጋቢው ተመለስን ማለት ነው። ቅቤና ቫዝሊንም ሲግሉ ቀልጠው ይፈሳሉ።

እኛ ግራጫውን ገዛን። ግማሹን እህቴ ከፈለች፣ ግማሹ ከእኔ የቁርስ ገንዘብ ወጣ። አንድ ሳምንት በአንባሻ አሳለፍኩ።

የፔስት አቀባብ

ማሳሰቢያ፦ ይህንን ሥራ ብቻችሁን እንዳትሞክሩ። ባትሪ በካቻቢቴ ከተወጋ በእሳት ሊነድ ይችላል። የሚያውቅ ትልቅ ሰው አብሯችሁ ይኑር። እኔም የሠራሁት ጋሼ አጠገቤ ቆመው ነው።

ሀ. በመጀመሪያ ፋይላችሁን ሁሉ ፍላሽ ላይ ገልብጡ። እህቴ ጽሑፏን ሁለት ፍላሽ ላይ አስቀመጠች።

ለ. ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ታቹን ክፈቱና የባትሪውን ገመድ ከማዘርቦርዱ አላቁ። ብሎኖቹ እኩል ስላልሆኑ ከየት እንደወጡ ወረቀት ላይ ሥዕል ሠርታችሁ በየቦታቸው አስቀምጡ።

ሐ. አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አጽዱ። አየር የምትነፉ ከሆነ ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፣ ዝም ብሎ ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላል።

መ. መዳቡን የያዙት ብሎኖች አጠገብ ብዙ ጊዜ 1፣ 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር አለ። ሲፈታ ከትልቁ ወደ ትንሹ፣ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ ነው። ከዚያ መዳቡን ቀስ ብላችሁ አንሱ። ከተጣበቀ አትታገሉት፣ በትንሹ ግራና ቀኝ አወዛውዙት።

ሠ. የድሮውን ፔስት በሶፍትና በአልኮል ጥረጉ። 90 በመቶ በላይ የሆነ አልኮል ይመረጣል። በኮሮና ጊዜ የለመድነው 70 በመቶው ውሃ ስላለበት እስኪደርቅ በደንብ መጠበቅ ይፈልጋል። የሚለጠልጠው ሳኒታይዘር ጄል ግን አይሆንም፣ ቅሪት ይተዋል። በጥፍር ወይም በቢላ አትፋቁ። ከጸዳ በኋላ በጣታችሁ አትንኩት፣ የእጃችን ወዝ ይቀራልና።

ረ. ፕሮሰሰሩ ላይ አንድ የምስር ፍሬ የምታህል ፔስት ጠብ አድርጉ። የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ያለ ክዳን የተራቆተ ስለሆነ ጥግ ሳይቀር መሸፈን አለበት። እኔ የሲም ካርድ ማቀፊያ ፕላስቲክ ቆርጬ በእሷ ነው የለቀለቅኩት። የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ግን የብረት ክዳን ስላለው መሃል ላይ ጠብ ማድረግ ይበቃል፣ ሲጫን ራሱ ይሰራጫል።

ሰ. አጠገቡ ባሉ ትንንሽ ቺፖች ላይ ለስላሳ ላስቲክ የመሰለ ነገር ታያላችሁ። እሱ ተርማል ፓድ ይባላል፤ ወፍራም ክፍተት የሚሞላ ነው። በፔስት አትተኩት፣ ካልተቀደደ እንደነበረ ተዉት።

ሸ. መዳቡን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡና ብሎኖቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል፣ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ። መጨረሻ ላይ የፋኑንና የባትሪውን ገመድ መልሱ።

የእኔ ስህተት

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ስሠራው አልተሳካልኝም። አቀባቤ ጥሩ ነበር፤ ግን ቸኮልኩና አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቄ ወደ ሌላው ሄድኩ። ላፕቶፑ ተነሳ፣ ሥራ ስናበዛበት ግን 94 ደረሰ። እህቴ ምንም አላለችኝም። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ፤ ያኔ የእኔም ሙቀት ቢለካ 94 የሚያሳይ ይመስለኛል!

ጋሼ «ክፈተው፣ ፔስቱ ራሱ ይነግርሃል» አሉኝ። ስከፍተው እውነትም ነገረኝ። በአንድ በኩል ስስ፣ በሌላ በኩል ወፍራም ሆኖ ታትሟል። መዳቡ ተንጋዶ ነበር። ፔስቱ ያው፣ ብዛቱ ያው፣ ላፕቶፑ ያው፤ የተለየው አጠባበቄ ብቻ ነው። እንደገና ጠረግኩ፣ እንደገና ቀባሁ፣ በዚህኛው ግን በትዕግሥት እያፈራረቅኩ አጠበቅኩ።

ውጤቱስ? ምንም ሳይሠራ 48 ዲግሪ፣ ሥራ ሲበዛበት 79! የፋኑ ድምፅ ጠፍቶ በላያችን የሚያልፈው እውነተኛው አውሮፕላን ብቻ ተሰማ። እህቴ ዛሬም ከምሽት እስከ ሌሊት ትጽፍበታለች። «በምስጋናው ገጽ ላይ ስምህን አስገባለሁ» ብላኛለች፣ ቃሏን የምትጠብቅ መሆኑን ምረቃው ሲደርስ እናያለን።

ማጠቃለያ

ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ የተማርኩት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የጋለ ሁሉ የተቃጠለ አይደለም፤ ሌላ ከመግዛታችን በፊት ሙቀቱን እንለካ፣ አቧራውንም እንይ። ሁለተኛ፣ ውድ ፔስት ከመፈለግ ይልቅ በንጽሕና፣ በስሱና በእኩል መቀባት ይበልጣል። ሦስተኛ፣ ላፕቶፕን ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይ አናስቀምጥ፤ የሚተነፍስበት ከታቹ ነው።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ለተከበሩ የአይሲቲ መምህራችን አለኝ። በኮምፒውተር ክፍላችን ሥራ መሃል ላይ ድርግም የሚሉ ኮምፒውተሮች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ምናልባት እነሱም አልተቃጠሉ ይሆናል፤ ምናልባት አቧራና የደረቀ ፔስት ብቻ ነው። ፈቃድዎ ከሆነ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ክበባችን በእርስዎ መሪነት አንዱን ከፍቶ ይሞክር። ብሩሽና ሶፍት እኛ እናመጣለን። ከእህቴ ላፕቶፕ የተረፈው ፔስት ደግሞ ቤት አለ፤ የምስር ፍሬ በምታህል ስለምንቀባ ለብዙ ይበቃል።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!